የጠብታው ሒሳብ

ስለ ገንዘብ ቁጠባ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። የውሃ ቁጠባ ሲነሣ ግን አብዛኛው ሰው «መጀመሪያ ውሃው ይምጣና ከዚያ እንቆጥባለን» ብሎ ያልፈዋል። አነጋገሩ ከብስጭት የመጣ ስለ ሆነ አይፈረድበትም። በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸውና፣ እንቅልፉን አቋርጦ ጀሪካን ሲሞላ ለሚያድር ሰው ስለ ቁጠባ ቢሰብኩለት ደስ አይለውም። ዳሩ ግን ቁጠባን ከሁላችንም ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። ልብስ የታጠበበትን ውሃ ለመጸዳጃ ቤት ያውለዋል፤ ጎመን የታጠበበትን ለአትክልት ያጠጣዋል። ስለዚህ የዛሬው ቃሌ ለእሱ ሳይሆን፣ ቧንቧውን በከፈተ ቁጥር ውሃ ለሚያገኘው ነው።

«ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይባላልና በመጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም በአቃቂና በሌሎች ስፍራዎች ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የግድቡ ውሃ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት በቧንቧ ይጓዛል። የአቃቂው ደግሞ ከመሐል ከተማው ዝቅ ካለ ስፍራ ስለሚወጣ በኤሌክትሪክ ኃይል እየተገፋ ሽቅብ ይመጣል። እንግዲህ አንድ ባልዲ ውሃ በከንቱ ሲፈስ መድኃኒቱም፣ መብራቱም፣ የሰው ድካሙም አብሮት ይፈሳል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በቤትዎ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካለ፣ ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ከሥሩ አስቀምጠው ሰዓትዎን ይመልከቱ። ብርጭቆው በ15 ደቂቃ ቢሞላ በሰዓት 1 ሊትር፣ በቀን 24 ሊትር፣ በ30 ቀን 720 ሊትር ይሆናል። ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን 36 ጀሪካን ነው። ይህንኑ ሒሳብ ለተማሪዎቼ ሰጥቻቸው ነበር። አንዲት ተማሪ መልሱን ካገኘች በኋላ እርሳሷን አስቀምጣ፣ «ይኼ እኮ ለእኛ ቤት የአንድ ሳምንት ውሃ ነው» አለች። እኔም ስለ ጉዳዩ ብዙ ለመናገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከእሷ ቃል የሚበልጥ ግን አላገኘሁም። የዚህ ሁሉ ብክነት መድኃኒት ደግሞ ብዙ ጊዜ በቧንቧው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ጎማ መለወጥ ብቻ ነው።

ከሚንጠባጠበው ቧንቧ ይልቅ የተደበቀው ሌባ የመጸዳጃ ቤቱ የውሃ ሣጥን ነው። ድምፁ ሳይሰማ ቀኑን ሙሉ ሊያፈስ ይችላል። ለመያዝ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ በሣጥኑ ውስጥ ይጨምሩና ሳይለቁት ሩብ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ቀለሙ ከታች ከታየ ሣጥኑ ያፈሳል። ሣጥኑ የድሮና ትልቅ ከሆነ፣ አንድ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልተውና ከድነው፣ መሣሪያውን በማይነካበት ጥግ ያስቀምጡት። በቀን 20 ጊዜ በሚለቀቅበት ቤት በየቀኑ አንድ ጀሪካን ውሃ ይተርፋል።

ሌላው ጉዳት የሚመጣው ከፈረቃው ነው። ውሃ ሲጠፋ ብዙ ሰው «ሲመጣ ይሰማኛል» ብሎ ቧንቧውን ከፍቶ ይተወዋል። ከዚያም ይረሳና ወደ ሥራው ይሄዳል። ውሃው የሚመጣው ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። ማታ ሲመለስ ምንጣፉ ርሶ፣ ቆጣሪው ሮጦ ያገኘዋል። ጎረቤቱ ግን ያን ቀን ጠብታ እንኳ አልደረሰው ይሆናል። ስለዚህ ውሃ ሲጠፋ ቧንቧን መዝጋት ልማድ ይሁንልን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአንዳንድ ቤት እመቤቲቱ የቤት ሠራተኛዋን ስለ አንድ ጣሳ ውሃ ስትቆጣ፣ ጌታው በግቢው ውስጥ መኪናውን በጎማ ቱቦ ያጥባል። ቱቦው በደቂቃ 10 ሊትር ቢያወጣ በሩብ ሰዓት 150 ሊትር ነው፤ በባልዲና በጨርቅ ግን ሁለት ጀሪካን ይበቃዋል። ቁጠባ ከላይ ካልጀመረ ወደ ታች አይደርስም።

ወደ መሥሪያ ቤት ስንሄድ ነገሩ ይብሳል። በቤቱ ጠብታ የሚያስጨንቀው ሰው፣ በመሥሪያ ቤቱ የሚፈሰውን ቧንቧ አልፎት ይሄዳል። «የመንግሥት ነው» ይላል፤ ከፋዩ እሱ ራሱ መሆኑን ይዘነጋል። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። የተበላሸ ቧንቧ ለማን እንደሚነገር በየመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ይጻፍ። ዘበኛውም ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ የቆጣሪውን ቁጥር መዝግቦ፣ ጧት ሰው ሳይገባ እንደገና ይመልከተው። ማንም በሌለበት ሌሊት ቁጥሩ ከጨመረ፣ አንድም ሲሞላ ያደረ ታንከር አለ፣ አለዚያም በሆነ ስፍራ የሚያፈስ ነገር አለ።

ክረምትንም አንርሳ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ባለው ቤት ላይ 20 ሚሊሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር፣ ማለት አራት ባለ 200 ሊትር በርሜል ነው። የመጀመሪያውን፣ ጣሪያውን ያጠበውን ውሃ አፍስሰው የቀረውን ለልብስና ለወለል ይጠቀሙበት፤ በርሜሉንም ትንኝ እንዳይራባበት ይክደኑት።

የእኛ ቁጠባ ብቻ የከተማውን ጥማት ያረካል አልልም። ያረጀ መስመር መጠገን፣ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር የሚመለከታቸው ሰዎች ሥራ ነው፤ ልንጠይቃቸውም ይገባል። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. ንጹሕ ውሃ ማግኘት የሰው ልጅ መብት ነው ብሎ ሲወስን፣ መብቱ ቧንቧው ለቀደመለት ሰው ብቻ ነው አላለም። ሌላውን ስለ ውሃ ለመጠየቅ አፋችንን ስንከፍት ከኋላችን ያለው ቧንቧ የተዘጋ ይሁን።

ለዛሬ ማታ አንድ ብርጭቆና አንድ ሰዓት ይበቃዎታል። እስከሚቀጥለው ሳምንት ደኅና ይሰንብቱ።