ማን ልበል? ከቤታችን ስለ ወጣው ስልክ

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ሳሙኤል 2፥22 እስከ 3፥18



ባለፈው ክረምት ኢንተርኔት ሊያስገባልን የመጣ ወጣት ከቡፌያችን ጀርባ አሮጌውን የስልክ ሽቦ አገኘና፣ «ጋሼ፣ መስመሩ ደህና ነው፤ በዚሁ እናስገባዋለን» አለኝ። የቤት ስልካችን ከተነሳ ዓመታት አልፈዋል። በቦታው ዛሬ መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ሳጥን ተቀምጣለች። ወጣቱ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ቆሜ አየኋት። ዱሮ በዚያ ሽቦ አንድ ድምፅ ይመጣና ቤቱ ሁሉ ይሰማው ነበር። ዛሬ በዚያው ሽቦ ለእያንዳንዳችን የየራሳችን ድምፅ ይመጣል፤ አንዳችን የሌላችንን አንሰማም።

ስልክ ወደ ሀገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ቢሆንም፣ ብዙዎቻችን ቤት የደረሰው በቅርብ ነው። ተመዝግቦ ዓመታት ወረፋ መጠበቅ የተለመደ ነበር። የወላጆቼ ተራ ሲደርስ እናቴ ለስልኩ ዳንቴል ሠራችለት፤ አባቴ ደግሞ ለመደወያው ትንሽ ቁልፍ ገዛለት። ቡፌው ላይ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱና ከፎቶዎቹ አጠገብ ተቀመጠ። ያን ስድስት አኃዝ ቁጥር እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። የልጆቼን የሞባይል ቁጥር ግን ስልኬን ሳላይ መናገር አልችልም።

ስልኩ ሲጮህ ለማን እንደ ተደወለ ማንም አያውቅም። ቅርብ ያለው ያነሳና፣ «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ይላል። ደዋዩ ቢቸኩልም እንኳ ያነሳውን ልጅ ሰላም ሳይል፣ «እናትህስ ደህና ናት?» ሳይል የፈለገውን ሰው አያገኝም። እኛ ልጆች ትልቅ ሰው ማናገር የተማርነው እዚያ ነው። የአባታችንን ጓደኞች በድምፃቸው እንለያቸው ነበር። ጎረቤቶቻችንም ቁጥራችንን ለዘመዶቻቸው ሰጥተው ስለ ነበር፣ «እትዬን ጥሩልኝ» ሲባል በባዶ እግራችን እንሮጥ ነበር። የቤት ስልክ የቤቱ ሁሉ ነበር፤ አንዳንዴም የሰፈሩ።

መርዶ እንኳ ሥርዓት ነበረው። ክፉ ወሬ ያለው ሰው ሲደውል ሕፃን ቢያነሳ፣ «ትልቅ ሰው አቅርብልኝ» ይላል። የሰማው ሰው ለባለ ሐዘኑ ወዲያው አይነግረውም። ጎረቤትና ዘመድ ይሰበሰባል፤ ማለዳ መጥተው ከብበው ይነግሩታል። ዛሬ ግን በአጥቢያችን ያለች አንዲት እህት የወንድሟን ሞት ያወቀችው ታክሲ ውስጥ፣ ፌስቡክ ላይ ፎቶውን አይታ ነው። ከማያውቋት ሰዎች መካከል ተቀምጣ ብቻዋን ጮኸች። ይህን ሳስብ ልቤ ያዝናል።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር የጥቂት ሰዎች ነበር። ዛሬ አምስት ሰው ባለበት ቤት አምስት ስልክ፣ አንዳንዴም ስድስት አለ። ቤቱ ራሱ ግን ቁጥር የለውም። እኔ እንደ መጋቢ ይህን በአገልግሎቴ አየዋለሁ። ዱሮ ወደ አንድ ምእመን ቤት ስደውል ልጁን፣ ሚስቱን፣ አማቱን ሰላም ብዬ ነበር ወደ እርሱ የምደርሰው። አሁን ለአንድ ሰው እደውላለሁ፤ የአንድ ሰው ወሬ እሰማለሁ። የአንድ ወንድም ባለቤት ሁለት ሳምንት ተኝታ ሳለ፣ በዚያው ሁለት ሳምንት ስለ መዘምራን ጉዳይ አራት ጊዜ ከወንድማችን ጋር ተነጋግረናል። መታመሟን አላወቅሁም፤ እርሱም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እንዳትሳሳቱብኝ፤ ሞባይልን የምረግም ሰው አይደለሁም። የዱሮውን ሁሉ ማር ማድረግም ሐሰት ነው። ያ የአባቴ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር የሚያድረው። እናቴ ለእህቷ ለመደወል ማስፈቀድ ነበረባት። የቤት ሠራተኛችን ደግሞ ጭራሽ ስልክ ይደወልልኛል ብላ አታስብም ነበር። ዛሬ እኛን የምታግዘን ልጅ ማታ ማታ ገጠር ካለች እናቷ ጋር እየሳቀች ታወራለች። ቤሩትና ጅዳ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ከልጆቻቸው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ የሚነጋገሩት በዚሁ ስልክ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት መሰብሰብ ሲያቅተን ጸሎታችንን የተሸከመልን እርሱ ነው። ስለዚህ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህን የምጽፈው በልጄ ፈቃድ ነው፤ «ለሌላ ሰው የሚጠቅም ከሆነ ጻፈው» ብሎኛል።

የመጨረሻው ልጃችን የኮሌጅ ተማሪ ነው። በስልኩ የእግር ኳስ ውርርድ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ሃያ ብር፣ ከዚያ መቶ፣ ከዚያ የኮሌጅ ክፍያው ሄደ። ከዚህም ከዚያም ተበደረ፤ አበዳሪዎቹም ቀንና ሌሊት ይደውሉለት ጀመር። ስልኩ ድምፅ አልነበረውም፤ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል እንጂ። እራት ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እኔ ማዕዱን ስባርክ፣ እርሱ በኪሱ ማስፈራሪያ ይቀበል ነበር። በቤት ስልክ ዘመን ቢሆን ከእነዚያ ደዋዮች አንዱን እኔ ወይም እናቱ እናነሳው ነበር። እኔ ነገሩን የሰማሁት ግን ልጄ ብድር ከጠየቃቸው ከአንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። እርሳቸውም የነገሩኝ ብዙ ካመነቱ በኋላ ነው።

ያን ምሽት ልጄን የጠራሁት ለቁጣ ነበር። «ስምንት ወር ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን እንዴት አልነገርከኝም?» አልኩት። አቀርቅሮ ቆየና፣ «አባዬ፣ ልነግርህ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስልክ ላይ ነበርክ» አለኝ። እውነቱን ነው። የሌላ ሰው ልጅ እየመከርኩ ነበር።

በነገረ መለኮት ኮሌጅ ስለ ካህኑ ዔሊ ጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ ከመድረክም ብዙ ጊዜ ሰብኬዋለሁ። ዔሊን ያወቅሁት ግን ያን ምሽት ነው። የልጆቹን በደል የሰማው ከልጆቹ አልነበረም፤ ከሕዝቡ ሰማ። ሲገሥጻቸውም ጊዜው አልፎ ነበር። እንደ እኔ በእግዚአብሔር ቤት ሥራ የተጠመደ ሰው ነበር፤ የቤቱ ጥፋት ግን ከውጭ መጣለት።

ይኸው ዔሊ በሚቀጥለው ምዕራፍ ሌላ ነገር ያሳየናል። ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት ድምፅ ሰማ። የማን እንደ ሆነ አላወቀም፤ ግን የሚሮጥበት ሰው ነበረው። ሦስት ጊዜ ሮጦ መጣ። ዔሊ አርጅቷል፤ ዓይኖቹ ፈዝዘዋል፤ እንቅልፍ ላይ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ግን መለሰለት። በሦስተኛው የሚጠራው ማን እንደ ሆነ አስተዋለ፤ እንዴት እንደሚመልስም አስተማረው። ሲነጋም ጠርቶ ምን እንደ ተነገረው ጠየቀው፤ የተነገረው በራሱ ቤት ላይ የመጣ ፍርድ መሆኑን ሰምቶ እንኳ አልተቆጣም።

ልጆቻችን ዛሬም በሌሊት ድምፅ ይሰማሉ። አንዱ ድምፅ ገንዘብ፣ አንዱ ፍቅር፣ አንዱ ስደት፣ አንዱም ሐሰተኛ ትንቢት ይዞ ይመጣል። ድምፅ መብዛቱ ብቻ አይደለም የሚያስፈራኝ። ያንን ድምፅ ይዘው የሚሮጡበት፣ «ማን ነው የሚጠራህ? ምን አለህ?» የሚላቸው ሰው በቤት ውስጥ መጥፋቱ ነው።

ኢያሱ በ24ኛው ምዕራፍ ሕዝቡ የሚያመልከውን እንዲመርጥ ሲያሳስብ የራሱን ውሳኔ ብቻ አልተናገረም፤ ስለ ቤቱ ጭምር ቆመ። የፊልጵስዩስ የወኅኒ ጠባቂ በዚያች ሌሊት የጠጣውን ደስታ ከቤተ ሰቡ ጋር ጠጣው። በእኛም ሀገር በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ወንጌል የተጠበቀው በየቤቱ ነው፤ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ብሎ። ያ ትውልድ የአምልኮ ሕንፃ ሲያጣ ቤት ነበረው። ዛሬ እኛ ሕንፃ አለን። ቤታችን ግን በየፊናው የሚያወሩ ሰዎች የሚያድሩበት ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? የድሮውን ስልክ መልሱ አልልም። የልጆቻችሁን ስልክ በርብሩም አልልም፤ ያ የአባቴን ቁልፍ በሌላ መንገድ ማምጣት ነው። እኛ የጀመርነውን ልንገራችሁ። ስልኩ በነበረበት ቡፌ ላይ ባለቤቴ ትንሽ ሰፌድ አስቀምጣለች። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት የሁላችን ስልክ እዚያ ያርፋል። መጀመሪያ የሚቀመጠው የእኔ ነው፤ አባት ካልጀመረ ይህ ነገር አይጸናም። ለድንገተኛ ጉዳይ የአንዱ ስልክ ድምፁ ክፍት ይሆናል፤ ሲጮህ ግን ባለቤቱ ሳይሆን ቅርብ ያለው ያነሳና «ማን ልበል?» ይላል። በዚያ ሰዓት እንበላለን፣ አንድ ክፍል እናነባለን፣ እንጸልያለን። እንዲሁም እርስ በርሳችን፣ «ዛሬ ማን ደወለልህ? ምን ሰማህ?» እንባባላለን። መልስ የማይሰጥ ሰው አይገደድም። እሑድ ከሰዓት ደግሞ ገጠር ላሉት አክስቴ ድምፁን ከፍተን አብረን እንደውላለን።

የመጀመሪያው ሳምንት ከበደን። የምናወራው አጥተን ተያየን። እኔ ራሴ እጄ ሁለት ጊዜ ወደ ሰፌዱ ሲሄድ ልጄ አይቶ ሳቀብኝ። ዕዳው ገና ተከፍሎ አላለቀም፤ ተስማምተን በየወሩ እየከፈልን ነው። ሁሉም ነገር ተፈወሰ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን በቀደም ዕለት ልጄ በዚያ ሰዓት፣ «ዛሬ አንድ ጓደኛዬ ደውሎ እንድወራረድ ጠየቀኝ» አለን። ሳንጠይቀው ነገረን። ለእኔ ያ ቃል ከብዙ ምስክርነት ይበልጥብኛል።

ይህን የምታነቡ፣ ገና ጌታን ያላወቃችሁ ወዳጆቼም ትኖራላችሁ። መጽሐፉ ሳሙኤል በመቅደስ እየተኛ፣ እግዚአብሔርን ግን ገና አላወቀም ነበር ይላል። እግዚአብሔር የጠራው በዚያ ሁኔታ ሳለ፣ በስሙ ነው። ምናልባት በተከራያችሁት ክፍል ወይም በሰው ሀገር፣ በሰው ቤት ሆናችሁ አንድ ነገር ልባችሁን እየጠራው ይሆናል፤ ማን እንደ ሆነም አላወቃችሁም። ስልካችሁን አስቀምጡና ወደ አንድ አማኝ ሰው ሂዱ። «የሚጠራኝ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እናንተም ወላጆች፣ ሽማግሌዎች፣ መጋቢዎች ሆይ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን አንድ ሰው ሮጦ ሲመጣ ተነሡ።

አባት ሆይ፣ አጠገባችን ሆነው ያልሰማናቸውን ይቅር በለን። በየቤታችን ጆሮ ስጠን። ልጆቻችን ድምፅህን ከሌላው ድምፅ እንዲለዩ፣ እኛም ሲመጡ ነቅተን እንድንገኝ እርዳን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።