«እንጀራ ቀንስ!» ከየቱ ላይ?

ጎንደር ውስጥ እንግዳ ሲመጣ «ምግብ በልተሃል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «እህል ቀምሰሃል?» ነው የሚባለው። ሥራ ያገኘ ሰው እንጀራ ወጣለት ይባላል፤ ከሥራ የተባረረ እንጀራው ተዘጋ ይባላል፤ እናት የሞተችበት ልጅ እንኳ የሚያድገው በእንጀራ እናት እጅ ነው። እንግዲህ በዚህ ቋንቋ አፉን ለፈታ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ እህል ተው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስቲ ፍረዱኝ።

እኔን ያሉኝ እንዲያ ነው። ዓመት ከመንፈቅ አለፈው። ውሃ ጥሙ ሲጠናብኝ፣ ሌሊት ሌሊት ሽንት ቤት መመላለሱ ሲሰለቸኝ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ደሜ ተመረመረና «ስኳር ነው፤ ሁለተኛው ዓይነት» ተባልኩ። ኪኒንና አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቷ «እንጀራ ቀንስ፣ ዳቦ ቀንስ፣ ፓስታ ቀንስ፣ ድንች ቀንስ» ትልና በምትኩ ብሮኮሊና ሳልመን ዓሣ ብላ ትላለች። መቼስ ሳልመን የተባለውን ዓሣ ከጣና ያጠመደ ጎበዝ ካለ ይንገረኝ! ከፈረንጅ አገር የተጻፈውን ቃል በቃል ገልብጠው እንደሰጡን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ እንደኔ ዲፕሎማ ይበቃል።

እስከዚያ ጊዜ አምሮት የነፍሰ ጡር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለነፍሰ ጡር አምሮት ሰፈሩ ሁሉ ይታዘዛል። የስኳር በሽተኛ አምሮት ግን የሚታዘዝለት ቀርቶ የሚያምነው የለም። «አንተ ደግሞ! ወንድ ልጅ እንዴት ለሆዱ ይሸነፋል?» ይሉሃል። ጎረቤታችን ምጣድ የጣደች ዕለት ሽታው በመስኮት ሲገባ ለራሴም ያፈርኩበት ጊዜ ነበር። ደረቅ እንጀራ፣ ወጥ እንኳ ሳይነካው፣ እንዲያው ትኩሱን በበርበሬ! በሕልሜ ሳይቀር መጣብኝ። እናቴ ደግሞ «ልጄን እህል ከለከሉት፤ ሊገድሉት ነው» እያለች ለጎረቤት ታለቅሳለች። ለቅሶ ቤት ሄጄ ንፍሮ ስመልስ «ኮራ» ተባልኩ። ሠርግ ላይ ጉርሻ ስመልስ ከአክስቴ ጋር ተኳረፍን። ክረምት ሲወጣ እናቶቻችን «የጎመን ድስት ውጣ፣ የገንፎ ድስት ግባ» ይላሉ። እኔ ቤት ነገሩ ተገለበጠና ገንፎው ወጥቶ ጎመኑ ገባ።

ቀስ በቀስ ግን አንዳንድ ነገር ተማርኩ። አምሮት እንደ ዶፍ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ የማያባራ ይመስላል፣ ጥግ ይዘው ከጠበቁት ግን ያልፋል። ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ከምታገለው ወጥቼ ፒያሳን አንድ ጊዜ ዞሬ ብመለስ ይሻለኛል። ባዶ ሆድ ይዞ ድግስ መሄድ ነብር ፊት ፍየል ማሰር ነው፤ ስለዚህ ቤቴ እንቁላል ወይ ምስር በልቼ እሄዳለሁ። ሽሮውን በሳህን አድርጌ በማንኪያ እበላለሁ፤ እንጀራው ጥቅል ሆኖ ከጎን ይቀመጣል እንጂ እንደ ወትሮው ከሥር አይነጠፍም። ከሥር ሲነጠፍ መጠኑ አይታወቅማ! ቡናዬን ያለ ስኳር፣ የቡና ቁርሱን ያለ ዳቦ ለመድኩ። ሁዳዴ ሲገባ፣ 55 ቀን እንቁላልም ሥጋም ወተትም በሌለበት፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ጎመንና ተልባ ናቸው የያዙኝ። ከሁሉ የበለጠው ግን «ፈጽሞ አልቀምስም» የሚለውን ፉከራ መተዌ ነው። ፈጽሞ አልነካም ያልኩ ሳምንት ሁሉ ቅዳሜ ማታ በአምስት እንጀራ ተጠናቋል። በቀን አንዷን ተመጥና ስትፈቀድልኝ ግን አምሮቱም ልክ ገባ።

አንድ ቀን ግን ሌላ ነገር ሆነ። ጠዋት ኪኒኔን ዋጥኩ፤ ያችን ግሊቤንክላማይድ የምትባለውን። ቁርስ ግን «ልቀንስ» ብዬ ተውኩት። ረፋዱ ላይ ሻይ ቤት ተቀምጬ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ ይደልቃል፣ ዳቦ ዳቦ ይለኛል። «ይኼ አምሮት ነው፣ አልሸነፍም» ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ዓይኔ መጨለም ሲጀምር አብሮኝ የነበረው ወዳጄ፣ እናቱ የስኳር በሽተኛ ስለሆኑ ያውቀዋል፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ጋተኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሰው ሆንኩ። ለካ አምሮት አልነበረም! ስኳሬ ወርዶ ኖሯል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደዚህ ያለ ኪኒን የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ ሳይስተካከል እህሉን ብቻ ከቀነሰ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ይህን የምትል አንዲት መስመር ወረቀቷ ላይ አልነበረችም። ለብሮኮሊ ቦታ ተገኝቶ ለነፍስ ማዳኛ ቦታ ጠፋ!

አንባቢ ሆይ፣ እስካሁን የነገርኳችሁ የእኔን፣ የከተሜውን ችግር ነው። የሚበላ አጥቼ ሳይሆን ካለው ላይ ቀንስ ተብዬ ነው የተቸገርኩት። ብዕሬን ያነሳሁት ግን በዚህ አይደለም።

ለክትትል ወረፋ ይዤ አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ አባትና ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጃቸው ተቀምጠዋል። ከጃናሞራ በእግርም በመኪናም ነው የመጡት። ልጁ ጋቢ ለብሷል እንጂ ሥጋ የለበሰ አይመስልም፤ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ክንዱ የምርኩዝ እንጨት ያህላል። ተኝቶ ታክሞ ኢንሱሊን ተጀምሮለት ሊሸኝ ነው። አባትየው ከጉያቸው አንዲት ወረቀት አወጡና «ልጄ፣ እስቲ አንብብልን» አሉኝ። አየኋት። ያችው ናት! «ሰውነት ቀንስ፣ እንጀራ ቀንስ፣ ሳልመን ብላ» የምትለው።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንደበቴ ተያዘ። «እንጀራ ቀንስ ይላል አባቴ» አልኳቸው በሐፍረት። ሽማግሌው ልጃቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እንዲህም አሉ፦ «ልጄ፣ እኛ አገር እንጀራ በዓመት ስንት ቀን እንደሚበላ ባወቁ! የገብስ ቂጣ ናት ያለችን። እሷም ሐምሌና ነሐሴን አትሻገርም። ቀንስ ይሉታል... ከየቱ ላይ ይቀንስ?»

መልስ አልነበረኝም። ወረቀቷን ይዤ ወደ ሲስተሯ ገባሁ። ደግ ሰው ናት፤ ልጁን ስታይ «ኧረ እሱስ ይብላ! ሰዓቱን ጠብቆ፣ መርፌውን ከምግቡ ጋር አስማምቶ በደንብ ይብላ!» አለች። «ታዲያ ወረቀቷስ?» ብላት «ያለን እሷ ብቻ ናት» አለችኝ። በሷ አልፈርድም። ያን ዕለት በር ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ ያየ አይፈርድም።

ነገሩ እኮ አዲስ አይደለም። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ፣ ፍሬድሪክ አለን የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የስኳር በሽተኛን በረሃብ ያቆዩ ነበር። ሌላ መድኃኒት ስላልነበረ ነው። እሳቸው ዘንድ የተኛ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ስኳሩ አልወርድ ሲል ቢመረመር የጥርስ ሳሙናና የወፍ ጥሬ ሰርቆ ሲበላ ተገኘ። ወፊቱንም ለጨዋታ ብሎ ያስመጣት እሱ ራሱ ነበር። አምሮትና ረሃብ ሰውን እዚህ ድረስ ያደርሱታል። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ላይ ባንቲንግና ቤስት ኢንሱሊንን ሲያገኙ ያ ዘመን አበቃ። ፓተንቱንም ባለቤቶቹ ለዩኒቨርሲቲው የሸጡት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነው፤ ለሁሉም ሰው ይድረስ ብለው። መቶ ዓመት አልፎ የጃናሞራ ልጅ ከኢንሱሊኑ ጋር የረሃቡንም ዘመን ወረቀት ተሸክሞ ይገባል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ ይህን ልጅ በዓለም ፊት አንስተው የተከራከሩለት የገዛ ሐኪሞቻችን መሆናቸው ነው! የጎንደር ሐኪሞች የክትትል አገልግሎቱን በነርሶች አማካይነት ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ያወረዱት ገበሬው ለአንድ መርፌ ቀናት እንዳይጓዝ ብለው ነው። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ገጠር ውስጥ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ በሽተኞች ድሆች፣ ከሲታዎችና አብዛኞቹም ወንዶች መሆናቸውን አሳይተው፣ ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና እንክፈተው ወይ ብለው ጠየቁ። የዓለም የጤና ድርጅት ያንን ዓይነት በሽታ እ.ኤ.አ. በ1985 መዝግቦት ነበር፤ በ1999 ሰረዘው። ጭቅጭቁ ከብዙ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ስም እስኪሰጠው ድረስ ቀጠለ። የልጁ በሽታ ያ ይሁን ሌላ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አልወስንም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ያ ገላ ቀንስ የሚባል ገላ አይደለም።

ግን እኮ እስከ ዛሬ ባለሥልጣኖቻችን ስኳርን «የሀብታም በሽታ» ማለት ይወዳሉ። ጥጋብ ያመጣው ነገር ነው እንደማለት። ገዢው ፓርቲ ስሙን ብልፅግና ብሎ የለ? እንግዲያማ የሀብታም በሽታ ቢበዛ ለሪፖርትም ያምራል! የካቲት 2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ ላክን ተብሎ በአደባባይ ተጨፈረ። በዚያው ዓመት ሰኔ የእርዳታ እህል እየተሰረቀ ነው ተብሎ ለጋሾች እደላውን አቆሙ። የዚያኑ ክረምት ዝናብ ቀርቶ ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን ድርቅ መታቸው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ፤ መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብሩ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ። ኢንሱሊኑም፣ የደም መመርመሪያ ወረቀቱም የሚገዙት በዶላር ነው። እንግዲህ ይኼ ሁሉ የሚወርደው በማን ላይ ነው? ኢንሱሊኑን እንዳይበላሽበት በሸክላ ውስጥ አድርጎ በሚያቀዘቅዘው በዚያ ልጅ ላይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ብዙ አይደለም፤ ሰማይም አይነካ። አንደኛ፣ ያችን ወረቀት ጣሏትና ሁለት ወረቀት ጻፉልን፤ አንዱ ለወፈረው፣ አንዱ ለከሳው። በጤፍ፣ በገብስ፣ በባቄላ፣ በሽሮና በጾም ቋንቋ ተጽፎ። ማንበብ ለማይችለውም ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ይኑር። ሁለተኛ፣ ስኳር የሚያወርድ ኪኒንም ሆነ መርፌ ሲሰጥ «ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣብህ አምሮት አይደለም፣ ስኳር ላስ» ሳይባል ማንም በሽተኛ ከበር አይውጣ። ሦስተኛ፣ ኢንሱሊን እስከ ደጋው ጤና ጣቢያ ይድረስ፤ መንገድ የዘጋ ወገን፣ ማንም ይሁን ማን፣ መድኃኒት የያዘን መኪና ያሳልፍ። ኢንሱሊን ጥይት አይደለም። አራተኛ፣ ኢንሱሊን ተሰጥቶት የሚበላ የሌለው በሽተኛ ግማሽ ሕክምና ነው ያገኘው፤ የእርዳታ እህል ሲታደል ስሙ ከመዝገቡ አናት ይሁን።

እኔ አምሮቴን ይዤ እኖራለሁ። ዛሬም ጎረቤቴ ስትጋግር ምራቄን እውጣለሁ፤ ከዚያ ያችን አንዷን ጥቅል እንጀራዬን ቆርሼ ተመስገን እላለሁ። የሚቀነስለት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ያን ልጅ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አላየሁትም። አባቱ ሲሰናበቱኝ «እንግዲህ ይብላ ተባለ አይደል? የሚበላውን ደግሞ እግዜር ያውቃል» ነበር ያሉኝ።

እግዜርስ ያውቃል። ጥያቄዬ ለመንግሥት ነው።