የዕቃ ርክክብን በቦታ መረጃ ማረጋገጥ፦ ከቢቸናና ከሞጣ ነባራዊ ሁኔታ አንጻር

የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም ከተቋቋመ፣ አገሪቱም በ1901 ዓ.ም የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ደብዳቤና ጥቅል ዕቃ ለባለቤቱ ሲደርስ የቆየው በአመዛኙ በፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ አልያም ባለቤቱ ራሱ ቢሮ ቀርቦ ፈርሞ በመረከብ ነው። አሠራሩ ጊዜ የሚወስድ ቢሆንም ዕቃው መቼ፣ የትና ለማን እንደተሰጠ በመዝገብ የሚያረጋግጥ ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ንብረትን በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ የሚያደርጉት ለዚሁ ዓላማ ነው።

ዕቃ እስከ ተቀባዩ ደጃፍ የሚደርስበት አሠራር እየተስፋፋ ሲሄድ ግን ርክክቡ ከቢሮ መስኮት ወደ መንደር ይወጣል። በዚህም የተነሳ በበርካታ አገሮች ዕቃ አድራሹ በያዘው ስልክ አማካይነት የርክክቡን ሰዓትና የቦታ መለኪያ መመዝገብ የተለመደ ሆኗል። «ደርሷል» እና «አልደረሰኝም» የሚል ክርክር ሲነሳ መዝገቡ ለማጣራት ያገለግላል።

ቴክኖሎጂው ለዚህ ብቁ ነው። አሜሪካ በሲቪል የጂፒኤስ ተጠቃሚዎች ላይ ሆን ብላ ትጥለው የነበረውን የጥራት ገደብ በሚያዝያ 1992 ዓ.ም ካነሳች ወዲህ ትክክለኛነቱ በእጅጉ ተሻሽሏል። በአሁኑ ወቅት አንድ ተራ ዘመናዊ ስልክ ገላጣ ቦታ ላይ ሲሆን ያለበትን ሥፍራ 5 ሜትር ገደማ በሆነ ልዩነት ይለያል። በሕንጻዎች መካከልና በጣሪያ ሥር ግን ስህተቱ ይጨምራል።

ይሁንና ጉዳዩ ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ካሉ ከተሞች አንጻር ሲታይ ሦስት መሠረታዊ ጥያቄዎች ይነሳሉ።

የመጀመሪያው የአድራሻ ጥያቄ ነው። የተመዘገበ የቦታ መለኪያ ትርጉም የሚኖረው አስቀድሞ ከታወቀ ሥፍራ ጋር ሲነጻጸር ነው። «ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን» የሚለው አነጋገር የአካባቢውን ሰው በቀላሉ ቢመራም ለመዝገብ ንጽጽር አይበቃም። ስለዚህ ተቀባዩ በፈቃደኝነት የደጃፉን መለኪያ አስቀድሞ ካላስመዘገበ አሠራሩ ገና ከጅምሩ መሠረት ያጣል።

ሁለተኛው የኔትወርክ ጥያቄ ነው። በአማራ ክልል ባጋጠመው የጸጥታ ችግር ሳቢያ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ስልክ ቦታውን የሚለየው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት በመሆኑ ያለ ኢንተርኔትም መመዝገብ ይችላል። ሥርዓቱ መዝገቡን በስልኩ ላይ አቆይቶ መስመር ሲገኝ የሚልክ፣ በወረቀት ፊርማም የሚደገፍ ሆኖ መዘርጋት ይኖርበታል።

ሦስተኛውና ዋነኛው የአመኔታ ጥያቄ ነው። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በሥራ ላይ ሊውል ሲል በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎች የጎጃም አውራጃዎች የነበረው ገበሬ ያመፀው ግብሩን በመቃወም ብቻ አልነበረም። መሬቱ የሚለካው ርስቱን ለመንጠቅ ነው የሚል ሥጋትም ስለነበረው ነው። በአንጻሩ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በክልሉ በተካሄደው የገጠር መሬት ምዝገባ የባልና የሚስት ስም የሰፈረበት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለባለይዞታዎች ተሰጥቷል። ሁለቱ ክንውኖች በዘመንም በሥርዓትም የተራራቁ ቢሆኑም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ሕዝብ መለካትን የሚቀበለው የልኬቱ ማስረጃ በእጁ ሲገባ ነው።

የዕቃ ርክክብም ከዚህ የተለየ አይደለም። የቦታ መለኪያ የሚያረጋግጠው ስልኩ የነበረበትን ሥፍራ እንጂ ዕቃው የማን እጅ እንደገባ አይደለም። አድራሹ በር ላይ ቆሞ መዝግቦ ዕቃውን ለጎረቤት ትቶ ቢሄድ መዝገቡ «ተረክቧል» ይላል። መዝገቡ በድርጅቱ እጅ ብቻ ከቀረ ዕቃ ያልደረሳት እናት ቃሏ ከመሣሪያ ቃል በታች ሆኖ ትቀራለች። አድራሹም ቢሆን በጣሪያና በግድግዳ ምክንያት በተፈጠረ የመለኪያ ስህተት ደመወዙን ሊቆረጥ ይችላል። በመሆኑም በተቀባዩ ስልክ የሚላክ የሚስጥር ቁጥር ወይም ፊርማ ከቦታው መረጃ ጋር ሊጣመር፣ የመዝገቡም ቅጂ ለተቀባዩ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሊደርሰው ይገባል።

በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የግል መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ይደነግጋል። ከዚህ አኳያ ለርክክብ የተወሰደ የደጃፍ መለኪያ ለሌላ ተግባር እንዳይውልና ክርክር የሚነሳበት ጊዜ ሲያልፍ እንዲሰረዝ በውል ውስጥ በግልጽ መስፈር ይኖርበታል።

መድኃኒት፣ ሰነድም ሆነ ሌላ ዕቃ በአድራሽ ድርጅቶች በኩል ለመላክ ውል የሚፈጽሙ የወረዳና የዞን ጽሕፈት ቤቶች እነዚህን ነጥቦች ከዋጋው እኩል ሊመለከቷቸው ይገባል። የቦታ መረጃ ለኃላፊው ሪፖርት ማሟያ ብቻ ከሆነ ጥርጣሬን ያበዛል። ለተቀባዩም ለአድራሹም ማስረጃ ሲሆን ግን ነባሩ የርክክብ መዝገብ ይሰጥ የነበረውን ዋስትና እስከ መንደር ያደርሳል።