ቤት ነው ወይስ የባንክ ደብተር?

እዚህ አገር ቤት ሁለት ዓይነት ሆኗል። አንዱ ሰው የሚኖርበት ነው፤ ሌላው ብር የሚኖርበት። የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ወር በመጣ ቁጥር ኪራዩ ያስታውሰናል። ሁለተኛውን ግን አብዛኞቻችን ከአጥር ውጭ ቆመን ነው የምናየው። በቅርቡ ቢሾፍቱ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ለሽያጭ የቀረበ አንድ ቪላ ውስጡን ዞሬ የማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ጉራው የጉድ ነው። ከጉራው ጀርባ ያለው ሒሳብ ግን የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነውና እስቲ እንነጋገርበት።

የሄድኩት ከሜሪላንድ ለእረፍት ከመጣችው አክስቴ ጋር ነው። ጡረታ ስትወጣ አገሯ ገብታ መኖር ትፈልጋለች። ደላላው ደግሞ “ማዘር፣ ይሄን ሳያዩማ አይሄዱም” ብሎ ድርቅ አለ። ቤቱ ጂ ፕላስ ሁለት ነው። ሰባት መኝታ ቤትና ዘጠኝ መታጠቢያ ቤት አለው። ለሁለት ፎቅ ሊፍት ተገጥሞለታል። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር እብነ በረድ ነው፤ ጣሪያው ጂፕሰም ሆኖ በየጥጉ መብራት ተቀብሮበታል። ኩሽናው ሁለት ነው፦ አንዱ ሳሎን አጠገብ ያለው የሚያብረቀርቀው፣ ሌላው ጓሮ ያለውና እንጀራ የሚጋገርበት። ደላላው የመጀመሪያውን ሲያሳየን “እዚህ ወጥ አይሠራም፣ ለእይታ ነው” አለን፣ ሳይስቅ።

ሶፋዎቹ ፕላስቲካቸው አልተነሳም። መዋኛ ገንዳው ውስጥ ውኃ ሳይሆን የደረቀ ቅጠል ነው ያለው። ቤቱ ካለቀ አራት ዓመት አልፎታል፤ እስከ ዛሬ ግን አንድም ሰው አድሮበት አያውቅም። በግቢው የሚኖሩት ጥበቃው፣ ሚስቱና ልጃቸው ብቻ ናቸው፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ። ዘጠኙ መታጠቢያ ቤት ተቆልፎ፣ ጥበቃው ፊቱን የሚታጠበው ከሮቶው ሥር ካለችው ቧንቧ ነው።

ዋጋው 180 ሚሊዮን ብር ነው። አክስቴ “እኔ እኮ አረጋውያን ጠባቂ ነኝ፣ ልጄ” ብላ ሳቀች። ደላላው ግን አልተበገረም፤ “ማዘር፣ በዶላር ሲመቱት እኮ ቀላል ነው” አላት።

እኔ ደግሞ በደመወዝ መታሁት። አሁን በመጀመሪያ ዲግሪ የመንግሥት ሥራ የሚጀምር ወጣት በወር 11,500 ብር ይከፈለዋል። ሳይበላ፣ ሳይለብስ፣ ግብር ሳይከፍል ሙሉውን ቢያስቀምጥ ይህን ቤት ለመግዛት ከ1,300 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ዛሬ ብሩ ሞልቶለት ቁልፉን እንዲረከብ፣ ቁጠባውን መጀመር የነበረበት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከመፈልፈላቸው አምስት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ ስድብ ይሄዳል፤ “ሌባ ባይሆን ከየት ያመጣዋል?” ይላል። እኔ የባለቤቱን ማንነት አላውቅም፣ ስለሱም አልፈርድም። እንዲያውም ገንዘቡን በላቡ ያገኘ ሰው ነው ብለን እንነሳ። ታዲያ ይህ ሰው ለምን የማይኖርበትን ቤት ሠራ?

መልሱን ከባንክ ደብተር ላይ ታገኙታላችሁ። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። በዚያ ዓመት 100 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ወሰደ፤ የሚገዛለት ግን የድሮውን 82 ብር ያህል ነው። ብሩን ያመነ ተቀጣ፣ ብሎኬት የደረደረ ተሸለመ። ቀጥሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የቤት ሻጭ ዋጋውን በብር እየጻፈ በዶላር የሚያስበው ለዚህ ነው። የአክሲዮን ገበያችን ሥራ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ነው፤ ገና ልጅ ነው። ዶላር ይዞ መቀመጥ ያስጠይቃል። እና ብር ያለው ሰው የት ይሂድ? ቤት ይሠራል። ቤቱ ተቆልፎም ይወልዳል።

መውለዱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ባንኮቻችን ሲያበድሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ሐሳብህን ሳይሆን ካርታህን ነው። ተንቀሳቃሽ ንብረትን ማስያዝ የሚፈቅድ አዋጅ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም፣ በተግባር ንጉሡ አሁንም ቤት ነው። ስለዚህ ባዶ ቪላ ያለው ሰው ያስይዘዋል፣ ይበደራል፣ ሌላ ይሠራል። ጥሩ ሐሳብ ያላትና ተከራይታ የምትኖር ልጅ ግን በሩ ላይ ትቀራለች።

“ቤቱ ሲሠራ እኮ ስንቱ እንጀራ በልቷል” የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ግንበኛው፣ ቀለም ቀቢውና ጂፕሰም ሠሪው ሠርተውበታል። ነገር ግን ያ ሥራ አንዴ ተሠርቶ ያለቀ ነው። በዚያው ገንዘብ የዱቄት ፋብሪካ ወይም የዶሮ እርባታ ቢቆም ኖሮ ግንበኛው ያኔም ይቀጠራል፤ ልዩነቱ ግንባታው ካለቀ በኋላ በየወሩ ደመወዝ የሚበላ ሰው መኖሩ ነው። ቪላው ዛሬ የቀጠረው አንድ ጥበቃ ነው።

ሌላም አለ፣ መሬቱ። ጥበቃው የአካባቢው ልጅ ነው። “እዚህ ሁሉ ጤፍ ነበር” አለን እጁን ዘርግቶ። የአድአ ጤፍ ማለት ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አላስተምርም። አጎቱ ካሳ ከተቀበሉት አንዱ ናቸው፤ ባጃጅ ገዙበት፣ ባጃጁም አርጅቶ ተሸጠ። ሕጉን ስናየው ታሪካቸው አይገርምም። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ አርሶ አደር የሚሰላለት በአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው ተይዞ በአሥር ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አሻሽሎት ከሦስት ዓመቱ ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። መሻሻል ነው። ሆኖም የሚቆጠረው አሁንም ትናንት የበቀለው ጤፍ ነው፤ መሬቱ ነገ የከተማ ቦታ ሲሆን የሚያወጣው ዋጋ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ጥሩ፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው እንበል። ግን እብነ በረዱና ሲሚንቶው ብቻውን 180 ሚሊዮን አያወጣም። ከዋጋው ውስጥ ትልቁ ድርሻ የቦታው ነው፤ መንገዱ፣ መብራቱ፣ ለሐይቅ ያለው ቅርበት። ያንን ዋጋ የፈጠረው ሕዝቡ ነው፣ የሚሰበስበው ግን ካርታው የተጻፈለት ሰው ብቻ።

ታዲያ ምን ይሻላል? በ1967 ዓ.ም. እንደሆነው “ትርፍ ቤት” ብለን እንውረስ የምል ሰው አይደለሁም። ያ መንገድ ቤት እንዳይሠራ አደረገ እንጂ ቤት አላበዛም። ይልቅ ሦስት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ ሥራ ላይ ሲውል ሰው የሚኖርበትን ቤትና ዓመት ሙሉ ተቆልፎ የሚከርመውን በአንድ ዓይን አይይ። ጡረታ የወጡ እናት ከሚኖሩበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ጠንከር ያለ ታክስ ከመሰብሰብ፣ የተዘጉትን ቆጥሮ እነሱ ላይ መበርታት ይቀላል፣ ፍትሐዊም ነው። ቆጣቢው የሚሸሸው ቤት ባዶ ሲቀመጥ ዋጋ ካስከፈለው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ቁጠባ ቢያንስ የዋጋ ንረቱን ያህል ይክፈል፤ እስከዚያ ድረስ “ብራችሁን ባንክ አስቀምጡ” የሚለው ምክር “ክሰሩ” ከማለት አይለይም። ሦስተኛ፣ እርሻው የከተማ ቦታ ሲሆን አርሶ አደሩ ከሚፈጠረው አዲስ ዋጋ ድርሻ ይኑረው፤ በጥሬ ብር ብቻ ሳይሆን በሱቅም ሆነ በአክሲዮን።

የእኔ ዕድሜ እኩዮች አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይተው፣ ትዳር “ቤት ሲገኝ” እያሉ እያራዘሙ ነው። ከተማው ቤት ጠፋ ይለናል። ቤትማ አለ፣ አየሁት፤ ሰባት መኝታ ቤት አለው። የጠፋው ቁልፉን ማስከፈት የሚችል ፖሊሲ ነው።