ሰላዩ ከሰማይ አይወርድም

የፍቅርና የስለላ ልብ ወለድ በአማርኛ አንባቢ አጥቶ አያውቅም። ማሞ ውድነህ የውጭውን ዓለም የስለላ ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለሰ አንድ ትውልድ አስነብቧል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ም ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። «ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ብለው ዘውጉን የሚንቁ ይናቁት፤ እኔ ከዘውጉ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከጀግናው ጋር ነው።

ጀግናውን ታውቁታላችሁ። ሦስት ፓስፖርት አለው፤ አራት ቋንቋ ይናገራል፤ ሽጉጡ አይስትም። ከውጭ ይመጣል፣ ከአንዲት ቆንጆ ጋር ይዋደዳል፣ ሥራውን ጨርሶ ይበራል። የአገሩ ሰው ደግሞ ሻንጣ ይሸከማል፣ በር ይከፍታል፣ ካልሆነም ይሞታል። ይህን ጀግና ከመልመዳችን የተነሳ «ስለላ» ሲባል ሐሳባችን ሮጦ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ይደርሳል። ሸሕዲ ትዝ የሚለው ስንቱ ነው?

ሸሕዲ የመተማ ወረዳ ከተማ ናት፤ ገንዳ ውሃም ይሏታል። ከእሷ አልፎ ወደ ድንበሩ ሲወረድ መተማ ዮሐንስ አለች፤ ማዶዋ የሱዳኗ ገላባት ናት። መተማ ሲነሳ ሁላችንም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ጦርነት እናስታውሳለን። ይህ የጎንደር ቆላ ግን በ1970ዎቹ ሌላም ታሪክ አሳልፏል። ቤተ እስራኤላውያን ከየመንደራቸው ተነስተው፣ ወታደርና ሽፍታ እየሸሹ፣ ብዙውን ጊዜ በሌሊት በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ። ገዳሪፍ አካባቢና ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ ማንነታቸውን ደብቀው ተራቸውን ጠበቁ። ሞሳድም በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በምትባል ቦታ፣ የጠላቂ ቱሪስቶች መዝናኛ ከፍቶ በዚያ ሽፋን ሰዎችን በባሕርና በአየር ያሸሽ ነበር። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» ደግሞ 8,000 ያህል ሰዎች በአውሮፕላን ተወሰዱ። በመንገድና በመጠለያ ያለቁት ወደ 4,000 ይገመታሉ፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል።

ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2019 ኔትፍሊክስ ፊልም አድርጎ አቀረበው። ጀግናው ማን ሆነ? ክሪስ ኢቫንስ የተጫወተው የሞሳድ ሰው! ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀበት ጉዞ ለእሱ ጀብዱ መድረክ ሆነለት። ኢትዮጵያዊው ከበደ ቢምሮ በጎን ቆመ። ከዚህ ገጸ ባሕርይ ጀርባ ያለው እውነተኛ ሰው ፈረደ አክሉም ነው፤ መምህር ነበር። ቀድሞ ሱዳን የገባውና በደብዳቤ ድረሱልኝ ያለው እሱ ነው። ሞሳድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጠለያዎቹ ውስጥ ደግሞ «ኮሚቴ» የሚባሉ የማኅበረሰቡ ወጣቶች ነበሩ፤ ስም የሚመዘግቡት፣ ገንዘብ የሚያከፋፍሉት፣ ሰውን በጨለማ ወደ መኪና የሚመሩት እነሱ ናቸው። ቢያዙ የሚጠብቃቸው እስርና ድብደባ ነው፤ የሚያድን ኤምባሲ የላቸውም። ታዲያ ሰላዩ ማነው?

«ፊልም ነው፣ ለመዝናኛ ነው፣ ታሪክ አታሸክሙት» የሚል መልስ አውቃለሁ። እሺ፣ በመዝናኛው ሚዛን እንመዝነው። ልብ የሚያንጠለጥለው የቱ ነው? የመመለሻ ቲኬት በኪሱ ያለው ሰው መኪና ማሽከርከሩ ነው? ወይስ ይሄ፤ አንዲት ልጅ ኡም ራኩባ ድንኳን ውስጥ ተኝታ፣ እኩለ ሌሊት ላይ «ተነሽ፣ ተራሽ ነው» ትባላለች። እጮኛዋ ገና ከኋላ፣ በቆላው መንገድ ላይ ነው። ለጎረቤት መናገር ክልክል ነው፤ አንዲት ቃል ካመለጠች መቶ ሰው ይያዛል። ትሂድ ወይስ ትቅር? ይህቺን ልጅ እኔ ነኝ የፈጠርኳት፤ ያ ሌሊት ግን ነበረ። ከዚህ ወዲያ ምን የፍቅርና የስለላ ልብ ወለድ አለ?

በዓሉ ግርማ ይህ ገብቶት ነበር። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ የታተመው «ኦሮማይ» የቀይ ኮከብ ዘመቻ ዘመን የአስመራ ታሪክ ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም የሚወዳት ፊያሜታ ጊላይ የሻዕቢያ ሰው ናት። ያ መጽሐፍ የሚይዘን ፍቅሩና ስለላው አንድ ሰው ውስጥ ስላሉ ነው። ምስጢር የሚወጣው በቡናና በእራት፣ በመተማመን መካከል ነው። በዓሉ ሰላዩን ከሰማይ አላወረደም፤ ከጠረጴዛው ማዶ አስቀመጠው። ዋጋውንም ከፈለ፤ መጽሐፉ ታገደ፣ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ወጥቶ ቀረ።

ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። በጣሊያን ዘመን «የውስጥ አርበኛ» የሚል ቃል የነበረን ሕዝብ ነን፤ ጠላት በያዘው ከተማ ተቀምጦ፣ ከጠላት ጋር እየዋለ፣ ለጫካው አርበኛ ወሬና ጥይት የሚልክ ማለት ነው። ሸዋረገድ ገድሌ ይህን ሠርታ ጣሊያን አገር፣ አሲናራ ደሴት ድረስ ታስራለች። እንዲህ ያለች ሴት ያላት አገር ደራሲ ጀግና ከሞሳድ የሚበደረው ምን አጥቶ ነው?

ድንበሩ ዛሬም አልተዘጋም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ሰው በመተማ በኩል ጎርፎ ገባ። ኩመርና አውላላ መጠለያዎች በዚሁ ቆላ ተተከሉ። ሁለት መንግሥት፣ ብዙ ታጣቂ፣ የሰሊጥ ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ሰው አሻጋሪ፣ ስደተኛ ሁሉ እዚሁ ናቸው። እዚህ መካከል ማን ለማን እንደሚያወራ ማወቅ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው፤ ሰው ደግሞ እዚህም ይፋቀራል።

ስለዚህ ደራሲዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ጀግናችሁን ከአውሮፕላን አውርዱት። በእግሩ ይሂድ፣ ይጠማ፣ የሚወዳትን ይጠርጥር፣ እሷም ትጠርጥረው። እኛ ካልጻፍነው ሌላው ይጽፈዋል፤ ያኔም ገጻችን ላይ የምናገኘው ሻንጣ ተሸካሚ ሆነን ነው።