ከምርቃቱ ጋር ምክራቸውንም

ሽማግሌ የምንጠራበት ጉዳይ ብዙ ነው፤ ደም ሲፈስ ለእርቅ፣ ጎጆ ሲወጣ ለምርቃት፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ለገላጋይነት። እነዚሁ አረጋውያን ራሳቸው በሚታከሙበት ጤና ጣቢያ ግን «ምን ቢስተካከል ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 የሚያነሳቸው መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲረዳቸው ነው። እርዳታው ተገቢ ነው። ተረጂው ሳይጠየቅ የሚሰጥ እርዳታ ግን ብዙ ጊዜ ዒላማውን ይስታል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የራሳችን ታሪክ ነው። በርካታ የገጠር እናቶች ጤና ጣቢያ መውለድን ይሸሹ ነበር። በነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስና በመሳሰሉት መድረኮች ሲደመጡ ከምክንያቶቹ አንዱ ታወቀ፤ እዚያ ገንፎ አይገነፋም፣ ቡና አይፈላም፣ ዘመድ አጠገብ አይቆምም። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎውንም ቡናውንም አስገቡ። ለዚህ አዲስ መሣሪያ አላስፈለገም፤ ማዳመጥ በቃ። የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኛ አረጋውያን ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የሚመላለሱ ደንበኞች ናቸው። ጆሮው ለደከመ ሰው ግን ስሙ በካርድ ክፍል መስኮት ይጠራል፤ ተራው ሲያልፍም አያውቅም። ዓይኑን ሞራ ለጋረደው የመድኃኒቱ አወሳሰድ በደቃቅ ጽሑፍ ይሰጠዋል። የአስተያየት መስጫ ሣጥኑም ብዕርና የሚያይ ዓይን ይፈልጋል። መድኃኒቱን ሲተው መዝገቡ «ያቋረጠ» ይለዋል፤ ለምን እንዳቋረጠ የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነው።

በጀቱ ለእናቶችና ለሕፃናት እንኳ አልበቃም የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን ጽሑፍን ማጉላትና ለአረጋውያን ወረፋ መለየት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ችላ የተባለ የደም ግፊት ስትሮክ ሲያስከትል ግን አባት አልጋ ላይ ይውላል፣ ልጅም ሥራ ፈትታ ታስታምማለች፤ ውዱ ይህ ነው። ሕክምና የባለሙያ ነው ለሚሉም፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ያውቃል፣ መድኃኒቱ ቤት ከደረሰ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቀው ግን ታካሚው ነው። በጤና ጣቢያው ቦርድ ውስጥ የኅብረተሰብ ተወካይ አለ የሚለውም አይበቃም። አንድ የተከበሩ አባት አልጋ የያዙ ባልቴቶችን ሁሉ ሊወክሉ አይችሉም። ከቤት መውጣት ያልቻሉትን በየቤቱ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና እድሩ ይጠይቁልን።

እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ በየ3 ወሩ አረጋውያን ታካሚዎቹን ሰብስቦ ያድምጥ፤ ያሉትንና የተስተካከለውን ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፣ ማንበብ ለማይችሉትም ያንብብላቸው። ለምርቃታቸው ጎንበስ እንደምንል፣ ሲናገሩም ቁጭ ብለን እናዳምጣቸው።