የትንንሾቹ ቃላት ጣጣ

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ ወዳጄ። «እንግሊዝኛን ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬያለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲም እንደዚያው። ረጅም ዘገባ አነባለሁ፣ ከባድ ቃልም ብዙ አያስቸግረኝም። እነዚህ ‹ኢን›፣ ‹ኦን›፣ ‹አት› የሚባሉት ትንንሽ ቃላት ግን እስከ ዛሬ ያምታቱኛል። ችግሩ የእኔ ነው?»

«ያንተ ብቻ አይደለም» አልኩት። «ሳሙኤል ጆንሰን ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1755 ሲያሳትም ይህንኑ በመግቢያው ላይ ጽፎታል። ግስ ከነዚህ ትንንሽ ቃላት ጋር ተጣምሮ የሚሰጠው ትርጉም ለባዕድ ተማሪ ከሁሉ የከበደው ነገር እንደሆነ ያን ጊዜ ታውቆታል።»

«ለምን ከበደ?»

«ሸክሙ ስለበዛባቸው ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ ስሞች መጨረሻቸው ላይ ቅጥያ ነበራቸው። እኛ ‹ቤቱን ሸጠ› ስንል በ‹ን› የተሸጠውን እንደምንለይ፣ እነሱም ማን እንዳደረገ፣ ለማን እንደተሰጠ፣ የማን እንደሆነ በቅጥያው ይለዩ ነበር። በዘመናት ውስጥ ቅጥያዎቹ ረገፉ። ሥራቸውን የወረሱት የቃላት ቅደም ተከተልና እነዚህ መስተዋድድ የምንላቸው ትንንሽ ቃላት ናቸው። ስለዚህ አንዲት አጭር ቃል ስትሳሳት የዓረፍተ ነገሩ ምሰሶ ይነቃነቃል።»

ወዳጄ ትንሽ አሰበና «እኛም እኮ መስተዋድድ አለን» አለ።

«አለን፤ ጣጣው የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። የኛን ‹በ› ተመልከት። በአውቶቡስ መጣሁ፤ በቢላ ቆረጥኩ፤ በሰባት ሰዓት ደረስኩ፤ በጥር ተወለድኩ፤ በስልክ አወራን እንላለን። አምስቱንም የያዘችው አንዲት ‹በ› ናት። እንግሊዝኛ ግን ለአውቶቡሱ ‹ባይ›፣ ለቢላው ‹ዊዝ›፣ ለሰዓቱ ‹አት›፣ ለወሩ ‹ኢን›፣ ለስልኩ ‹ኦን› ይላል። ‹በ› በእንግሊዝኛ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ መልስ አያገኝም።»

«‹ላይ›ስ? እሱ እንኳ ‹ኦን› ነው።»

«ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ልክ ነህ። መንገድ ላይ ነኝ ስትልም ‹ኦን ዘ ዌይ› ስለሚሆን ይገጥምልሃል። ስብሰባ ላይ ነኝ ስትል ግን ‹ኢን ኤ ሚቲንግ› ነው። ሥራ ላይ ‹አት ዎርክ›፣ ሰርግ ላይ ‹አት ኤ ዌዲንግ› ይሆናል። በየቢሮው ‹አይ አም ኦን ሚቲንግ› የሚል የስልክ መልእክት የምናየው ለዚህ ነው። የጻፈው ሰው በአማርኛ አስቦ፣ ላዩን በእንግሊዝኛ አልብሶ ላከው።»

«ታዲያ የሚያዝ መርህ የለውም?»

«እስከ አንድ ቦታ ድረስ የሚያደርስህ አለ። ‹አት› ነጥብ ነው፣ ‹ኦን› ገጽ ወይም መስመር ነው፣ ‹ኢን› ዙሪያውን የሚይዝ ነገር ነው። አውቶቡስ ፌርማታው ‹አት›፣ መንገዱ ‹ኦን›፣ ከተማው ‹ኢን›። ጊዜንም በዚሁ ለካው፤ ሰዓት ነጥብ ስለሆነ ‹አት›፣ ዕለት ‹ኦን›፣ ወርና ዓመት ‹ኢን›። እኛ ‹ሰኞ እመጣለሁ› ስንል ምንም መስተዋድድ ስለማንጨምር ‹ኦን›ን መርሳት ይቀናናል። ተሽከርካሪ ውስጥ መሆንም የራሱ ልማድ አለው። አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን ‹ኦን› ናቸው፤ ተሳፍረህ ቆመህ የምትራመድባቸው ስለሆኑ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ‹ኦን› ሆኖ፣ ላዳዋ ታክሲ ‹ኢን› የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው።»

«ማታስ? ‹ኢን ዘ ሞርኒንግ› ብለው ሌሊት ሲሆን ‹አት ናይት› ይላሉ።»

«መርሁ የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ልማድ ስለሆነ ሐረጉን እንዳለ መያዝ ነው የሚያዋጣው። እነሱ ራሳቸውም አይስማሙም፤ ለቅዳሜና እሁድ እንግሊዙ ‹አት ዘ ዊክኤንድ› ሲል አሜሪካዊው ‹ኦን ዘ ዊክኤንድ› ይላል። ሁለቱም በየአገሩ ትክክል ነው።»

ወዳጄ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። «እንግዲህ ሁሉንም መሸምደድ ነው?»

«ሁሉንም አይደለም። አማርኛችን ወዴት እንደሚገፋን ካወቅህ የምትጠነቀቅበት ቦታ ይታወቅሃል። ‹ስለ ጉዳዩ ተወያየን› ስለምንል ‹ዲስከስ አባውት› ብለን እንጽፋለን፤ ‹ዲስከስ› ግን ‹አባውት›ን አይፈልግም። ‹ወደ ክፍሉ ገባ› ስለምንል ‹ኤንተር ኢንቱ ዘ ሩም› እንላለን፤ ‹ኤንተር ዘ ሩም› ይበቃል። በተቃራኒው ‹ጠበቅሁት› ስንል መስተዋድድ ስለሌለው ‹ዌይት› ያለ ‹ፎር› ይቀርብናል፤ ‹ሬዲዮ አዳመጥኩ› ስንል ደግሞ ‹ሊስን› ያለ ‹ቱ›። ‹ከእሷ ጋር ተጋባ› ብለን ‹ማሪድ ዊዝ› እንላለን፤ እንግሊዝኛው ‹ማሪድ ቱ› ነው። ግሱና መስተዋድዱ እንደ ተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው፤ አንዱን ብቻ ነጥለህ ብትማር አታርስበትም።»

«‹ከ … ጋር› ሁልጊዜ ‹ዊዝ› አይደለም ማለት ነው።»

«አይደለም፤ ግን አንድ የሚገርም መገናኛ አላቸው። ‹ዊዝ› በጥንቱ እንግሊዝኛ ‹በተቃራኒ› ማለት ነበር። ‹ፋይት ዊዝ› ሲባል ጠላትን መዋጋት የሚሆነው ከዚያ የቀረ ነው። እኛም ‹ከጠላት ጋር ተዋጋ› እንላለን፤ ‹ከወዳጅ ጋር ሆኖ ተዋጋ›ም እንላለን። እንዲህ ያለው መመሳሰል ሲገኝ ለትምህርት ይረዳል።»

«አንተ ከሁሉ የሚያሳስብህ የትኛው ነው?»

«‹እስከ›» አልኩት ሳላመነታ። «‹ሪፖርቱን እስከ ዓርብ አስገባ› ስንል ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ረቡዕ ቢያስገባም ደስ ይለናል። ‹እስከ ዓርብ ጠብቀኝ› ስንል ደግሞ መጠበቁ ሳይቋረጥ ዓርብ ይደርሳል። አማርኛ ሁለቱንም በ‹እስከ› ይገልጻል። እንግሊዝኛ ለይቷቸዋል፤ የጊዜ ገደብ ከሆነ ‹ባይ ፍራይደይ›፣ የሚቀጥል ነገር ከሆነ ‹አንቲል ፍራይደይ›። ‹ገንዘቡን እስከ ሰኞ እንከፍላለን› ለማለት ‹ዊ ዊል ፔይ አንቲል መንደይ› ብለህ ለውጭ ደንበኛ ብትጽፍ፣ ሰውየው ስትከፍሉ ቆይታችሁ ሰኞ የምታቆሙ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ስህተት ውል ውስጥ ሲገባ ገንዘብ ያስከፍላል።»

«‹ሲንስ› እና ‹ፎር›ም እንደዚያው ናቸው?»

«እነሱ ይቀላሉ። ‹ከሦስት ዓመት ጀምሮ እዚህ እሠራለሁ› ስለምንል ‹ሲንስ ስሪ ይርስ› እንላለን። ‹ሲንስ› የሚፈልገው መነሻውን ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን፣ ወሩን ወይም ዕለቱን። የጊዜውን ርዝመት ከቆጠርህ ‹ፎር› ነው።»

ከዚያ ጨዋታችን መስተዋድዱን አልፎ ወደሚምታቱት ቃላት ዞረ። «‹ነገ አስታውሰኝ› ለማለት ‹ሪሜምበር ሚ ቱሞሮ› ያለ የሥራ ባልደረባ አለኝ» አለ ወዳጄ።

«‹ነገ አስበኝ፣ አትርሳኝ› ማለቱ ሆነ እኮ! አማርኛ ‹አስታወሰ› ብሎ ራሱ ያስታወሰውንም፣ ሌላውን ያሳሰበውንም ይጠራል። እንግሊዝኛ ለራስህ ትዝ ሲልህ ‹ሪሜምበር›፣ ሌላ ሰው ሲያሳስብህ ‹ሪማይንድ› ይላል። ‹ሰረቁኝ›ንም ተመልከት። ‹ዘይ ስቶል ሚ› ያለ ሰው ራሴን ይዘውኝ ሄዱ ብሏል። ‹ስቲል› የሚከተለው የተወሰደው ዕቃ ነው፤ የተዘረፈው ሰው ወይም ባንክ ከሆነ ግን ‹ሮብ› ነው። በባዕድ አገር ፖሊስ ፊት ቆሞ ቃሉን ለሚሰጥ ወገናችን ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።»

«‹ቦሮው› እና ‹ሌንድ›?»

«እዚህ ላይ አማርኛ ይበልጥ ይራቀቃል። ገንዘብ ሲሆን ተበደረና አበደረ፣ ዕቃ ሲሆን ተዋሰና አዋሰ እንላለን። የተበደርከውን ብር በሌላ ብር ትመልሳለህ፤ የተዋስከውን መጽሐፍ ግን ያንኑ ራሱን። እኛ አራት ግስ ይዘን እነሱ ሁለት አላቸው። ‹ቦሮው› ተቀባዩ የሚያደርገው ነው፣ ‹ሌንድ› ሰጪው የሚያደርገው። ‹ካን ዩ ቦሮው ሚ› የሚለውን ‹ትበደረኛለህ?› ብለህ ወደ አማርኛ መልሰው፤ ጆሮህ ወዲያው ይጥለዋል።»

«እኔን የሚያሳፍረኝ ‹ቦሪንግ› ነው» አለ።

«ያም ስህተት ከአማርኛ የመጣ ነው። ‹ሰለቸኝ›፣ ‹ደበረኝ› ስንል አድራጊው ነገሩ ነው፤ እኛ የሚደርስብን ነን። እንግሊዝኛ ሰውየውን ባለቤት ያደርገውና የቅጽሉን መጨረሻ ይለውጣል። የተሰላቸው ‹ቦርድ› ነው፤ የሚያሰለቸው ‹ቦሪንግ›። ‹አይ አም ቦሪንግ› ካልክ ‹እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ› ብለሃል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበ ልጅም ሥራውን እንደሚፈልገው ሲናገር ‹ኢንተረስትድ› ማለት አለበት፤ ‹ኢንተረስቲንግ› ካለ ራሱን ማሞገሱ ነው።»

«አጻጻፋቸው ብቻ የሚያምታታስ?»

«ለነዚያ ጆሮህን ተጠቀም። ‹ሉዝ› ማጣት ወይም መሸነፍ ሲሆን በአንድ ‹ኦ› ይጻፋል፤ ‹ሉስ› የላላ ሲሆን በሁለት ‹ኦ›። ‹አድቫይስ› ምክሩ ሲሆን በ‹ሲ›፣ ‹አድቫይዝ› መምከሩ ሲሆን በ‹ኤስ›። የማነጻጸሪያው ‹ዛን› እና የቅደም ተከተሉ ‹ዜን› ደግሞ ከጥንት አንድ ቃል ነበሩ፤ በአንድ ‹ኤፍ› እና በሁለት ‹ኤፍ› የሚጻፉት ሁለቱ ‹ኦፍ›ም እንዲሁ። በአጻጻፍ ተለይተው የጸኑት ቆይተው ነው። በቋንቋው ተወልደው ያደጉትም ዛሬ ድረስ ይሳሳቱባቸዋል።»

ወዳጄ የጻፈውን አየና «ከየት ልጀምር?» አለኝ።

«ቃሉን ለብቻው መጻፍ ተው፤ ሐረጉን ጻፍ። ‹ዲፔንድ› ብለህ አትጻፍ፣ ‹ዲፔንድ ኦን› ብለህ ጻፍ። መዝገበ ቃላትም ከገለጥህ ለባዕድ ተማሪ የተዘጋጀውን ያዝ። ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ሆርንቢ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀውና ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው መዝገበ ቃላት ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው የታሰበ ነበር። ግሱ ከምን ጋር እንደሚሄድ በምሳሌ ያሳያል፤ ከፍቺው ይልቅ ምሳሌውን አንብብ።»

«አለቃዬ ግን ‹ኦን ሚቲንግ› ያለውን ሁሉ በሰው ፊት ያርማል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ስብሰባ ውስጥ ዝም ብለዋል።»

ይህ አናደደኝ። «ስህተት ሁሉ እኩል አይደለም» አልኩት። «‹ኦን ሚቲንግ› ያለውን ሰው ሁሉም ይረዳዋል፤ ጊዜ ወስዶ ቢስተካከል የሚጎዳ የለም። ‹ባይ› በሚገባበት ‹አንቲል› ሲገባ ግን ትርጉሙ ይገለበጣል፤ አንባቢው የተረዳ መስሎት ስለሚያልፈው ማንም አይጠይቅም። መጀመሪያ የሚታረሙት ትርጉም የሚገለብጡት ናቸው፤ ‹አንቲል›፣ ‹ሪሜምበር›፣ ‹ስቲል›፣ ‹ቦሪንግ›። ሌላው በንባብ ብዛት ይመጣል። አለቃም ሆነ መምህር የሚያርም ከሆነ ሰውየውን ለብቻው ጠርቶ፣ ምክንያቱን ከአማርኛው ጀምሮ ያስረዳው። በሰው ፊት ያፈረ ሰው መስተዋድዱን አይማርም፤ መናገሩን ያቆማል። የማይናገር ሰው ደግሞ የሚታረምበት ነገር አይኖረውም።»